ምድር እንድትዞር የተፈቀደላት መቼ ነው?

በ1835 ሮም ውስጥ አንድ ዝርዝር ታተመ። ካቶሊኮች እንዳያነቧቸው የተከለከሉ መጻሕፍት ስም የሰፈረበት ነው። ዝርዝሩ በየጊዜው እየታደሰ ይወጣ ስለነበር መታተሙ ብርቅ አልነበረም። ብርቁ የጎደለው ነገር ነው። ምድር ፀሐይን ትዞራለች የሚሉት የኮፐርኒከስ፣ የኬፕለርና የጋሊሊዮ መጻሕፍት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ እዚያ ላይ ቆይተው ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን የሉም። ለምን እንደወጡ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም። "ተሳስተን ነበር" የሚል የለም። "አሁን ተፈቅዷል" የሚልም የለም። ዝም ተብሎ ተሰረዙ።

(ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹንና ወሮቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ስለ ሃይማኖትና ሳይንስ ሲወራ ብዙ ሰው የቡጢ ግጥሚያ አድርጎ ነው የሚያየው። አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይዘረራል። ሌላው ወገን ደግሞ "አይጋጩም፣ ሁለቱም ከፈጣሪ ናቸው" ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ሁለቱም ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚሄድ አያሳዩንም። እኔ ታሪኩን ሳነብ የማየው ሌላ ነው። መጀመሪያ የሃይማኖቱ ሰዎች የሚሠሩት ሥራ ይለወጣል። ከዚያ ጥቅሱን የሚተረጉሙበት መንገድ ይለወጣል። መግለጫ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይወጣም። ለዚህ ከጋሊሊዮ ጉዳይ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነው።

የነገሩ መነሻ ጥቅስ ነው። ኢያሱ በገባዖን ሲዋጋ ፀሐይ እንድትቆም አዘዘ፤ ፀሐይም ቆመች። እንዲቆም የሚታዘዘው ደግሞ ሲሄድ የነበረ ነገር ነው። መዝሙረ ዳዊትም ምድር እንዳትናወጥ ሆና መመሥረቷን ይናገራል። በዚያ ላይ ማንም ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ቢያይ ፀሐይ ስትወጣ እንጂ ምድር ስትዞር አያይም። አንድ የሚረሳ ነገር አለ። በጊዜው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጠው ሳይንስም፣ የአርስቶትልና የቶለሚ ትምህርት፣ ምድር መሐል ላይ ቆማለች ነበር የሚለው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ስትከላከል የነበረው መጽሐፍ ቅዱስን ብቻ ሳይሆን የቀድሞውን ሳይንስም ነው። ጥቅሱ ከአሮጌው ሳይንስ ጋር ተጣብቆ ስለኖረ፣ አንዱን ሲነቅሉት ሌላው አብሮ የሚነቀል መሰላቸው።

ኮፐርኒከስ ራሱ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር። በ1543 የታተመውን መጽሐፉን ያበረከተው ለጳጳሱ ለጳውሎስ ሦስተኛ ነው። ከዚያ በኋላ ለሰባ ዓመት ያህል ከሮም እገዳ አልወጣም። ነገሩ የጋለው ጋሊሊዮ ቴሌስኮፑን ወደ ሰማይ ካዞረ በኋላ ነው። በ1610 ጁፒተርን የሚዞሩ አራት ጨረቃዎች አየ። ቬነስም እንደ ጨረቃ ስትጎድልና ስትሞላ አየ። ሁሉም ነገር ምድርን ይዞራል የሚለው ትምህርት መላላት ጀመረ።

በ1615 ሁለት ደብዳቤዎች ተጻፉ። አንዱን የጻፈው ጋሊሊዮ ነው። ቅዱስ አውግስጢኖስን ጠቅሶ ይከራከራል። አውግስጢኖስ ከእሱ በፊት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር። ክርስቲያን ስለ ሰማይና ስለ ከዋክብት የማይሆን ነገር እየተናገረ "መጽሐፉ እንዲህ ይላል" ካለ፣ ነገሩን የሚያውቅ ኢአማኒ ይስቅበታል። በዚህ የሳቀ ሰው ደግሞ ስለ ትንሣኤ ብትነግረው አያምንህም።

ሁለተኛውን የጻፈው ካርዲናል ቤላርሚን ነው፣ ከሳሽ ተደርጎ የሚሳለው ሰውዬ። እሱ ያለው ሲጠቃለል ይህ ነው፦ ፀሐይ መሐል ለመሆኗ እውነተኛ ማረጋገጫ ከተገኘ፣ የተረጋገጠውን ነገር ሐሰት ከማለት ይልቅ "ጥቅሱ አልገባንም" ማለት ይሻላል። ነገር ግን እስኪያሳዩኝ ድረስ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ አለ ብዬ አላምንም።

ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስታዩ ሁለቱ ሰዎች በሕጉ ይስማማሉ። ማስረጃ ከመጣ ትርጓሜ ይለወጣል። ያጣላቸው ማስረጃው እስኪመጣ ድረስ ዝም ማለት ያለበት ማን ነው የሚለው ነው። ጋሊሊዮ "ነገ የሚያሳፍራችሁን ነገር ዛሬ አታውጁ" ይላል። ቤላርሚን ደግሞ "ሳታረጋግጥ የአባቶችን ትርጓሜ አትነካካ" ይላል።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ዓመት ማስረጃው አልነበረም። ምድር ፀሐይን የምትዞር ከሆነ፣ ቅርብ ያሉት ከዋክብት በጥርና በሐምሌ ሲታዩ ቦታቸው ትንሽ ሸርተት ማለት አለበት። ማንም ይህን አላየም። ከዋክብቱ ማንም ከገመተው በላይ ሩቅ ስለሆኑ ነበር ያልታየው። ጋሊሊዮ ዋና ማስረጃዬ ብሎ የያዘው የባሕርን ውኃ መሙላትና መጉደል ነው፤ እሱ ደግሞ ስህተት ነበር። ባሕሩን በዋናነት የምትስበው ጨረቃ ናት።

በ1616 የኮፐርኒከስ መጽሐፍ "እስኪታረም" ታገደ። በ1632 ጋሊሊዮ ሁለቱን አስተያየቶች የሚያከራክር መጽሐፍ አወጣ፤ ግን የትኛው እንዲረታ እንደፈለገ ማንም አልተሳሳተውም። ሰኔ 22 ቀን 1633 ሮም ውስጥ፣ በ69 ዓመቱ፣ ተንበርክኮ ትምህርቱን ካደ። እስኪሞት ድረስ የቤት ውስጥ እስረኛ ሆኖ ኖረ፤ በ1642 አረፈ። ከተንበረከከበት ሲነሳ "ቢሆንም ትንቀሳቀሳለች" አለ የሚባለው ወሬ በዘመኑ የተጻፈ ምስክር የለውም። ሰው ግን ይወደዋል።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚህ የሚቀጥለው ነው።

በጣሊያኗ ቦሎኛ ከተማ ውስጥ ሳን ፔትሮኒዮ የሚባል ግዙፍ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1655፣ ጋሊሊዮ ከሞተ 13 ዓመት በኋላ፣ ካሲኒ የሚባል ወጣት የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ጣሪያው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አስበጀ። ከወለሉ 27 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ወለሉ ላይ ደግሞ ከደቡብ ወደ ሰሜን 67 ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጥ ያለ መስመር ተዘረጋ። ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ፀሐይ በቀዳዳው ገብታ ወለሉ ላይ ክብ ብርሃን ትጥላለች። ክቡ ቀስ እያለ ይሄድና ልክ እኩለ ቀን ላይ መስመሩን ያቋርጣል። በሰኔ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ብርሃኑ ከቀዳዳው ሥር ብዙም ሳይርቅ ያርፋል። በታኅሣሥ ፀሐይ ዝቅ ስለምትል ወደ መስመሩ ሌላ ጫፍ ይሄዳል። ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበትን ዕለት ማወቅ ከፈለጋችሁ ብርሃኑ መስመሩን የት ላይ እንዳቋረጠ ማየት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ለምን ፈለገችው? ለፋሲካ። ፋሲካ የሚወጣው ከጸደዩ የቀንና ሌሊት እኩልነት በኋላ ያለችውን ሙሉ ጨረቃ ተከትሎ ነው። የድሮው የጁሊያን አቆጣጠር ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ ይለዋል። ትክክለኛው ከዚያ 11 ደቂቃ ያህል ያንሳል። 11 ደቂቃ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል፤ በ128 ዓመት አንድ ቀን ይሆናል። በ1582 ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 13ኛ አሥር ቀን ከካላንደሩ ቆርጠው አወጡ። ሰው ጥቅምት 4 ማታ ተኝቶ ጥቅምት 15 ነቃ። ከዚያ በኋላ አዲሱ አቆጣጠር ልክ መሆኑን የሚያረጋግጥ ትልቅ መለኪያ ያስፈልግ ነበር። ከካቴድራል የሰፋ ጨለማ ክፍል ደግሞ የት ይገኛል?

ካሲኒ ግን በዚህ አላበቃም። የብርሃኑን ክብ ስፋት መለካት ጀመረ። በክረምታቸው ፀሐይ ትንሽ ተለቅ ትላለች፣ በበጋቸው ታንሳለች፤ ርቀቷ ስለሚለዋወጥ ነው። ለውጡ ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ የቶለሚን ስሌት ከኬፕለር ስሌት የሚለይ ነበር። ልኬቱ ለኬፕለር ፈረደ። ኬፕለር ማለት መጽሐፉ የተከለከሉት ዝርዝር ላይ ያለው ያው ሰውዬ ነው። በቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ በቤተ ክርስቲያን ወለል፣ ለቤተ ክርስቲያን በዓል ሲባል የተሠራ መሣሪያ፣ ቤተ ክርስቲያን ለከለከለችው ሰው መሰከረለት። እርግጥ ነው፣ ልኬቱ ከሁለቱ የሚንቀሳቀሰው የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህም ማንም አልተከሰሰም። ሥራው ግን ተለውጦ አልቋል።

ከዚያ ትርጓሜው በዝግታ መጣ። በ1728 ገደማ ብራድሊ የሚባል እንግሊዛዊ የከዋክብት ብርሃን ምድር ስለምትንቀሳቀስ ብቻ ሊሆን የሚችል መዛነፍ እንደሚያሳይ አገኘ። በ1758 የወጣው የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር "ምድር ትንቀሳቀሳለች የሚሉ መጻሕፍት ሁሉ" የሚለውን ጥቅል ክልከላ አስቀረ። ስማቸው ተጠቅሶ የታገዱት ግን እንዳሉ ቀሩ።

ግማሽ ክልከላ ደግሞ መዘዙ ብዙ ነው። በ1820 ሰቴሌ የሚባል ቄስ፣ ሮም ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ መምህር፣ ለተማሪዎቹ የመማሪያ መጽሐፍ ጻፈ። ውስጡ ምድር ትዞራለች ይላል። ሌላ ምን ይበል? ሮም ውስጥ የኅትመት ፈቃድ የሚሰጡት አባ አንፎሲ ግን አልፈቅድም አሉ። ምክንያታቸውም ቀላል አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያን አንዴ የወሰነችው አይሻርም ነው የሚሉት። በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ያለፈውን ውሳኔ ከሻርክ ነገ የትኛው ውሳኔ ሊታመን ነው?

መውጫ ያበጀው ኦሊቪየሪ የሚባል የዚያው የእምነት ጉዳይ ፍርድ ቤት ባለሥልጣን ነው። ብልሃቱን ተመልከቱ። ያኔ የታገደው ትምህርት ጉድለት ነበረበት አለ። ያኔ ምድር በዚያ ፍጥነት ብትዞር በላይዋ ያለው አየርና ሌላው ሁሉ በተናወጠ ነበር ለሚለው መልስ ያለው ሰው አልነበረም። የዛሬው ትምህርት ተስተካክሏል። ስለዚህ አባቶቻችን ያኔ መከልከላቸው ልክ ነበር፤ እኛም ዛሬ መፍቀዳችን ልክ ነው። ማንም አልተሳሳተም! እንደ ታሪክ ይህ ደካማ ነው። ጋሊሊዮ የተፈረደበት አየሩ ስለመናወጡ አልነበረምና። እንደ መውጫ ግን ሠርቷል። ለመጽሐፉ ፈቃድ ተሰጠ። በ1822 ደግሞ ከእንግዲህ በዚህ ምክንያት ፈቃድ የሚከለክል ይቀጣል ተባለ። አሁን ቅጣቱ ለከልካዩ ሆነ። ከዚያ 1835 መጣ፣ ስሞቹም ወጡ። የሚገርመው፣ ቤላርሚን የጠበቀው ዓይነት የከዋክብት መሸርተት በልኬት የታየው ከዚያ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1838 ነው።

የቀረው መግለጫ ነው። በ1893 ጳጳሱ ሊዮ 13ኛ የመጽሐፍ ቅዱስ ጸሐፊዎች ስለ ተፈጥሮ ሲናገሩ ለዓይን እንደሚታየው ተናገሩ እንጂ ሥነ ፈለክ ሊያስተምሩ አልፈለጉም ብለው ጻፉ። ጋሊሊዮ በ1615 ከጻፈው ብዙም አይርቅም። በ1992 ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ የዚያን ጊዜ የነገረ መለኮት ሰዎች መሳሳታቸውን በአደባባይ ተናገሩ። ከፍርዱ 359 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው የሚል ካለ የእኛን ሰማይ እንይ።

መጽሐፈ ሄኖክ በሙሉ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ትቆጥረዋለች። ሄኖክ ስለ ሰማይ ብርሃናት ሲናገር ፀሐይ በምሥራቅ ባሉ ስድስት በሮች ትወጣለች፣ በምዕራብ ባሉ ስድስት በሮች ትገባለች ይላል። ዓመቱ ደግሞ 364 ቀን ነው። ይህ ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ግን ያቺው ቤተ ክርስቲያን በዓላቷን የምታወጣው በባሕረ ሐሳብ ነው። ባሕረ ሐሳብ ደግሞ ዓመቱን 365 ቀን ከሩብ ብሎ ይዞ፣ ሩቧን እያጠራቀመ በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን ስድስት ያደርጋታል። በ364 ቢቆጠር ኖሮ በ24 ዓመት ውስጥ እንቁጣጣሽ አንድ ወር ሙሉ ወደ ኋላ ተንሸራታ ነሐሴ ዝናብ ውስጥ ትገባ ነበር፤ አደይ አበባ ሳይታሰብ። በዚህ የተነሳ ግን የታገደ መጽሐፍ፣ የተንበረከከ ሊቅ ሲባል አልሰማሁም። ሄኖክ ይነበባል፣ ይከበራል፤ ቀን የሚቆጠረው ግን በሌላው ነው። "አንድም" እያለ ለአንድ ቃል ሁለት ሦስት ፍቺ የሚደረድር የትርጓሜ ባህል ባለበት አገር ይህ ብዙም አያስደንቅም።

ይኸው ባሕረ ሐሳብ ተቃራኒውንም ያሳየናል። ትንሣኤ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 አልፎ አይውልም። ከመጋቢት 26 የማይቀድመው ስሌቱ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑት መጋቢት 25 ነው ብሎ ስለሚነሳ ነው። ሰማዩ ላይ ግን ዛሬ እኩል የሚሆኑት መጋቢት 11 ወይም 12 አካባቢ ነው። ያቺ 11 ደቂቃ ናት፤ እኛ ዘንድ አልተቆረጠችም። (የሰባት ስምንት ዓመቱ ልዩነት የሌላ ታሪክ ነው፤ ከሰማይ ጋር አይገናኝም።) ይህን አለማስተካከል ደግሞ የግድ አለማወቅ አይደለም። ከእስክንድርያ አባቶች ጀምሮ የወረደን ቀመር መጠበቅ፣ ከሌሎች ኦርቶዶክሶች ጋርም በአንድ ቀን ማክበር ለፀሐይ ልክ ከመሆን ይበልጣል ተብሎ የተያዘ ነገር ነው። ሳይንስ ቀኑን ይነግርሃል፤ ከማን ጋር እንደምታከብር አይነግርህም።

በእስልምናም ተመሳሳይ ነገር እየሆነ ነው፣ በዓይናችን ፊት። ነቢዩ ጨረቃዋን ስታዩ ጹሙ፣ ስታዩም አፍጥሩ ብለዋል። በ1939 አሕመድ ሻኪር የሚባሉ ግብጻዊ የሐዲስ (የነቢዩ ንግግሮች) ሊቅና የሸሪዓ ዳኛ አንድ ክርክር አነሱ። በዓይን ማየት የታዘዘው ሕዝቡ መጻፍና ማስላት ስለማይችል ነው፣ ሐዲሱም ራሱ ይህን ይላል፤ ምክንያቱ ከቀረ በስሌት መሄድ ይቻላል አሉ። ዛሬ ቱርክ በስሌት ትሄዳለች። የሰሜን አሜሪካ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ምክር ቤትም በ2006 ወደ ስሌት ገባ። ሳዑዲ ለረመዳንና ለዒድ አሁንም ጨረቃዋን አየሁ የሚል ምስክር ትጠብቃለች። ስለዚህ ጅዳ ያለች እህትና አሜሪካ ያለ ወንድሟ ዒድን በተለያየ ቀን ሊያከብሩ ይችላሉ።

ሰላትን ግን ተመልከቱ። ዐስር የሚባለው የከሰዓት በኋላ ሰላት ሰዓት የሚታወቀው በጥላ ነው፤ በብዙዎቹ ሊቃውንት ዘንድ የአንድ ነገር ጥላ በእኩለ ቀን ከነበረው ላይ የራሱን ቁመት ያህል ሲጨምር ማለት ነው። ዛሬ ስንት ሰው ዘንግ ተክሎ ጥላ ይለካል? ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው። በስልኩ ያለው ሰዓት ደግሞ ንጹሕ የሥነ ፈለክ ስሌት ነው። በጨረቃዋ የሚከራከሩ ሰዎች በዚህ አይከራከሩም። ሥራው ማንም ሳያውጅ ተለውጧል።

ቅደም ተከተሉ የሚገለበጥበት ጊዜም አለ። በኢትዮጵያ የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 2005። በዚያን ጊዜ እንጦጦ ማርያምን በመሰሉ የጸበል ቦታዎች ብዙ ሕሙማን ነበሩ። ብዙዎቹ ጸበል የያዘ ሰው መድኃኒት አይነካም ብለው ያምኑ ነበር፤ መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጉደል ነው። ይህ መድኃኒት ደግሞ ቢያቋርጡት ቫይረሱ እየለመደው የሚሄድ፣ በየቀኑ ሳይዛነፍ የሚወሰድ ነው። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸውና አብራችሁ ውሰዱ ብለው በይፋ ተናገሩ።

እዚህ ላይ መግለጫው ቀደመ፣ ሥራው ተከተለ። ሰው እየሞተ ስለነበር ሁለት መቶ ዓመት የሚጠብቅ አልነበረም። ምን እንደተለወጠና ምን እንዳልተለወጠ ልብ በሉ። ጸበል ይፈውሳል የሚለው እምነት አልተነካም። የተሻረ ጥቅስም የለም። የተሻረው ሁለቱ አይቀላቀሉም የሚለው ልማድ ብቻ ነው። አንድ ሰው ጸበሉንም መድኃኒቱንም ወስዶ ቢሻለው ያዳነው የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ መግለጫው መልስ አልሰጠም። ሐኪሙም ካህኑም የየራሳቸውን መልስ ይዘው፣ ታማሚው ኪኒኑን በጸበል መዋጥ ቻለ።